ምስጢር ሌላ፣ መርዶ ሌላ

ባለፈው ሴሚስተር በማኅበራችን የፊልም ምሽት አንድ የቆየ የአርጀንቲና ፊልም ከወላጆቻችን ጋር አየን። የስፓኒሽ ርእሱ «ላ ኢስቶሪያ ኦፊሲያል» ነው፤ በአማርኛ «ይፋዊው ታሪክ» ብንለው ያስኬዳል። የሉዊስ ፑዌንሶ ሥራ ነው። በ1985 ወጣ፤ ማርች 24 ቀን 1986 ደግሞ ለውጭ ቋንቋ ፊልሞች የሚሰጠውን የኦስካር ሽልማት አገኘ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ያ የሽልማት ቀን የአርጀንቲና ጦር መፈንቅለ መንግሥት ካደረገ ልክ አሥር ዓመት የሞላበት ቀን ነበር።

ልብ አንጠልጣይ የፖለቲካ ፊልም ነው፤ ነገር ግን ተኩስም የመኪና ማሳደድም የለበትም። ያለው አንድ ቤት፣ ባልና ሚስት፣ አንዲት ትንሽ ልጅና ለዓመታት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። እኛ ማኅበራዊ ሥራ የምንማር፣ ከየቤታችን ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያዎቹ የሆንን ልጆች፣ ለሳምንታት ስንነጋገርበት ቆየን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ንግግር ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1983 በቦነስ አይረስ ነው። ወታደራዊው መንግሥት ሊወድቅ ተቃርቧል። አሊሲያ በወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ሥርዓት ትወዳለች፤ ተማሪ ከመጽሐፉ ውጪ ሲናገር ደስ አይላትም። ባሏ ሮቤርቶ ከጄኔራሎችና ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር እየሠራ የከበረ ሰው ነው። ጋቢ የምትባል የጉዲፈቻ ልጅ አለቻቸው። ጋቢን ገና ሕፃን ሳለች ወደ ቤት ያመጣት ሮቤርቶ ነው። ከየት አመጣት? ከማን ተቀበላት? አሊሲያ አልጠየቀችም፤ እሱም አልተናገረም።

አንድ ቀን አና የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ ከስደት ትመለሳለች። ሁለቱ ሴቶች ማታ ተቀምጠው እየጠጡ ይስቃሉ። በሳቁ መሀል አና ለምን ከአገር እንደወጣች መናገር ትጀምራለች፤ መታሰሯን፣ መገረፏን፣ ሌላም ሌላም። ቀጥላም እስር ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴቶች እንደነበሩ፣ ሲወልዱ ልጆቻቸው እየተወሰዱ «ከየት መጣ?» ብለው ለማይጠይቁ ባለጸጎች እንደተሰጡ ትናገራለች። አሊሲያ ከዚያች ሌሊት በኋላ እንቅልፍ የላትም። መዝገብ ቤት ትሄዳለች፣ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። ቄሱ ግን ነገሩን ያድበሰብሱታል። በመጨረሻ የልጅ ልጃቸውን ከሚፈልጉ አንዲት አያት ጋር ትገናኛለች፤ አያትየውም ፎቶግራፍ ያሳይዋታል። መጨረሻውን ላላያችሁት እንተወው።

ሙስናው በፊልሙ ውስጥ የሚታየው በትልቅ አዳራሽ ሳይሆን በምሳ ገበታ ላይ ነው። የሮቤርቶ አባትና ወንድም በኑሮ የተጎዱ ሰዎች ናቸው። ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ አገሩ ሲደኸይ እሱና መሰሎቹ ብቻ መበልጸጋቸውን ፊት ለፊት ይነግሩታል። ሮቤርቶም በቁጣ ይመልሳል። እዚያ ላይ ይገባናል፤ የቤቱ ምቾትና የልጅቷ መምጣት የተያያዙ ናቸው። ጄኔራሎቹን ያገለገለ ሰው ገንዘብም ልጅም ከአንድ እጅ ተቀብሏል።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የአርጀንቲና ጦር ከ1976 እስከ 1983 ሲገዛ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እያፈነ አጠፋ። በ1984 የቀረበው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎችን መዝግቧል፤ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30,000 ያደርሱታል። ከጠፉት ውስጥ የአይሁዶች ድርሻ ከሕዝቡ ቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነበር። ጋዜጠኛው ሀኮቦ ቲመርማን በ1977 ታስሮ፣ ተሠቃይቶ፣ በ1979 ሲለቀቅ የመጣው እዚህ እስራኤል ነው። በ1977 እናቶች ነጭ ሻሽ አስረው በፕላሳ ዴ ማዮ አደባባይ «ልጆቻችን የት ናቸው?» እያሉ መዞር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ደግሞ አያቶቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። የተወሰዱት ሕፃናት ወደ 500 እንደሚደርሱ ይገምታሉ።

አያቶቹ ያደረጉት ነገር ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት አለው። የሕፃኑ አባትና እናት ከሞቱ፣ ልጁ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ ሳይንቲስቶች ሄዱ። አሜሪካዊቷ የዘር ሳይንስ ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ ከሌሎች ጋር ሆና ልጅን ከአያቶቹ ደም የሚያገናኝ የምርመራ ዘዴ እንዲገኝ ረዳች። በ1987 አርጀንቲና የቤተሰቦችን የዘር መረጃ የሚያስቀምጥ ብሔራዊ ባንክ በሕግ አቋቋመች። እስካሁን ከ130 በላይ ልጆች ማንነታቸውን አውቀዋል። የማኅበሩ መሪ ኤስቴላ ዴ ካርሎቶ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ያገኙት በ2014 ነው፤ ልጁ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። የጦሩ መሪ የነበረው ቪዴላም ሕፃናትን በእቅድ በመስረቅ ወንጀል በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

የፊልሙ ጽሑፍ በዕብራይስጥ ስለነበረ ከወላጆቻችን ጎን ተቀምጠን በአማርኛ እያንሾካሾክን ተረጎምንላቸው። እንዳይሰለቻቸው ፈርተን ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርስ ግን መተርጎም ያስፈልጋቸው የነበረው እምብዛም ነው። አንድ አባት «ልጆቼ፣ ይኼማ የመላኩ ተፈራ ዘመን ነው» አሉ። የጎንደርን ቀይ ሽብር የሚያውቅ ሰው አደባባይ ላይ ቆሞ ልጁን የሚፈልግ እናት ምን እንደሆነች ያውቃል። ዘመኑም አንድ ነው፤ የቦነስ አይረስ እናቶች መዞር ሲጀምሩ እኛም አገር ወላጆች የልጃቸውን ሬሳ ሲፈልጉ ነበር፤ ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሎ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት የገቡም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ወደ ሱዳን ሄደ። ወይም በትክክል ለመናገር፣ ወደ ሱዳን ሊሄድ ሲል ቆመ። አንዲት እናት «ሆድ ይፍጀው» አሉና ዝም አሉ፤ ሌሎቹም ዝም አሉ። ቡና ቀረበ፤ ወሬው ወደ ሠርግ ዞረ።

ሁላችንም ይህን ዝምታ እናውቀዋለን። በትምህርታችን ጄኖግራም የሚባል ነገር አለ፤ የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሥዕል ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላሉ፤ የሞተ ሰው የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሰደደ ይጻፋል። ለክፍል ጓደኞቻችን የአያትን አባት ስም ማግኘት ችግር ነበር። እኛ ግን በዚህ እንበልጣቸዋለን። ቤተ እስራኤል ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ ሽማግሌዎቻችን ስም ሲጠሩ ወረቀቱ አይበቃም። ብዕራችን የሚቆመው ሌላ ቦታ ነው። ከስሙ አጠገብ «ምን ሆነ?» የሚለውን መጻፍ ሲመጣ ነው።

ከእኛ አንዷ ይህን የቤት ሥራ ይዛ ቤቷ ገባች። እናቷ የእህትና የወንድሞቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩላት፤ ስድስት ናቸው። እሷ ሁልጊዜ የምታውቀው አምስት ነበር። ስድስተኛውን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እንደ ሌሎቹ ጠሩት። «እማ፣ ይኼ ማነው?» አለቻቸው። «ታናሼ ነበር» አሉ። «የት ነው ያለው?» «መንገድ ላይ ቀረ።» ከዚያ ተነሥተው ወጥ ሊያማስሉ ሄዱ። ሃያ አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖራ አጎት እንደነበራት የሰማችው ያን ማታ ነው።

ይህች ጓደኛችን ፊልሙን ስታይ ስለ ሮቤርቶ ተናደደች፤ ስለ እናቷ ግን መናደድ አልቻለችም። ለምን እንደማይመሳሰሉ ለመናገር ቃል ስታጣ ለሁላችንም ጥያቄ ሆነ። ሁለቱም ቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። ሁለቱም ቤት ውስጥ ልጅ ሳያውቅ አድጓል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የወላጆቻችን ዝምታ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግራቸው ሲወጡ ሌሊት ተጉዘው ቀን ተደብቀዋል። ሱዳን ሲገቡ በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ የስደተኞች መጠለያዎች አይሁድ መሆናቸውን ደብቀው ኖረዋል። ምስጢር መጠበቅ ሕይወት ነበር። ይህንንም ታሪክ አሳይቶናል፤ በኖቬምበር 1984 የጀመረው የሙሴ ዘመቻ ወሬው በይፋ ሲወጣ በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ፤ ወደ ኋላ የቀሩት እዚያው ቀሩ። በመንገድና በሱዳን የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ቦታ አላቸው። ወላጆቻችን አፋቸውን መዝጋት የተማሩት በእንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደግሞ አፋችሁን መክፈት ትችላላችሁ ብሎ የነገራቸው የለም። ኡልፓን ነበር፣ ሥራ ነበር፣ ልጅ ማሳደግ ነበር።

የሮቤርቶ ዝምታ እንዲህ አይደለም። እሱን የሚጠብቀው ከሞት አይደለም፤ ከፍርድ ነው። ዝም ባለ ቁጥር ቤቱና ክብሩ እንዳለ ይቆይለታል። ዋጋውን የሚከፍሉት አደባባይ ላይ የሚዞሩት አያትና ማንነቷን የማታውቀው ልጅ ናቸው። በእናታችን ዝምታ ግን ዋጋውን አስቀድመው የሚከፍሉት እናታችን ራሳቸው ናቸው። ወንድማቸውን ሳያለቅሱ አርባ ዓመት ኖረዋል።

ለዚህ ነው ለሁለቱ አንድ ቃል መጠቀም የማያዋጣው። የሮቤርቶ ምስጢር ነው። በእኛ ቤት ያለው ያልተረዳ መርዶ ነው።

መርዶ ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ግን ቆም ብለን እናስበው። በባህላችን ሰው ሲሞት ወሬው እንዲሁ አይወረወርም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ። ማን ይንገራት? መቼ? ብቻዋን እንዳትሆን ማን አብሮ ይግባ? በጠዋት ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ነግረው አይወጡም፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ይቀመጣሉ። መርዶ ለጊዜው ይደበቃል፤ ግን የሚደበቀው በደንብ እንዲነገር ነው። እኛ በኮርስ ላይ አስቸጋሪ ዜና ስለ መናገር ስንማር የተሰጠን ዝርዝር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቦታ ምረጥ፣ ጊዜ ስጥ፣ አብሮ የሚቆይ ሰው አዘጋጅ ይላል። ጎንደር ያሉ ሽማግሌዎች ይህን ያለ ዲፕሎማ ያውቁት ነበር።

በሱዳን ለሞቱት ብዙዎች ይህ አልተደረገም። የሚያረዳ አልነበረም፤ ሁሉም የሞተበት ነበር። ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤትም አልነበረም። ስለዚህ መርዶው በየሰው ሆድ ቀረ። አርባ ዓመት ሲቀመጥ ከውጭ ለሚያየው ልጅ ምስጢር ይመስላል። ልጁም «ከእኔ የሚደብቁት ነገር አለ» ብሎ ያድጋል።

ፊልሙ ይህንንም ያውቃል። አሊሲያ ራሷ በልጅነቷ ወላጆቿ ሞተውባት አያቷ እውነቱን ደብቀውባታል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ልጅቷ እንዳትጎዳ ብለው ነው። አሊሲያ ግን ጥለውኝ ሄዱ እያለች አደገች። የማይጠይቅ ሰው መሆንን የተማረችው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከሐዘን ሊጠብቃት የታሰበው ዝምታ አሳድጎ ለሮቤርቶ ምስጢር የምትመች ሚስት አደረጋት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚዞረው። የወላጆቻችን ዝምታ ንጹሕ ቢሆንም፣ አለመጠየቅን ከለመድን፣ መጠየቅ ያለብን ቦታም አንጠይቅም።

መጠየቅ ያለብን ቦታ ደግሞ አለ። በጃንዋሪ 1996 ጋዜጣ ባያወጣው ኖሮ ከማኅበረሰባችን የተለገሰ ደም በምስጢር እየተጣለ እንደነበር ማን ያውቅ ነበር? ወታደሮቻችን ክንዳቸውን ዘርግተው ይሰጣሉ፤ ይመሰገናሉ፤ ደሙ ይደፋል። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ በይፋ እንቢ ብንላቸው ቅር ይላቸዋል የሚል ነበር። ይህ የደግነት ልብስ የለበሰ ምስጢር ነው። «ለእናንተ ብለን ነው» የሚለውን ቃል ይጠቀማል፤ የሚጠብቀው ግን ውሳኔውን የወሰነውን ሰው ነው። ያኔ ወላጆቻችን ሆድ ይፍጀው አላሉም። በሺዎች ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ቆሙ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው የሚለን ሁሉ ይህን ያስታውስ። የቱ ዝምታ የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ከየመን የመጡ ጎረቤቶቻችንም የራሳቸው ጥያቄ አላቸው። በአገሪቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከሆስፒታልና ከመጠለያ ስለጠፉ ሕፃናት ከአንድ በላይ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ ኮሚሽኖቹ አብዛኞቹ ሞተዋል ሲሉ ብዙ ቤተሰቦች አልተቀበሉትም። እኛ ፍርድ አንሰጥም። ነገር ግን ሕፃን ሞቶ እንኳ ቢሆን ለእናት በወጉ መርዶ ካልተነገራት፣ መቃብሩን ካላየች፣ ጥያቄው ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ከእነሱ ተምረናል።

በእኛ ሙያ ይህ በየቀኑ የሚመጣ ሥራ ነው። በእስራኤል የ1981 የጉዲፈቻ ሕግ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው የራሱን መዝገብ ለማየት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። መዝገቡን ብቻውን አይከፍትም፤ ማኅበራዊ ሠራተኛ አብሮት ይቀመጣል። ከእኛ አንዳንዶቻችን ነገ በዚያ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ከራሳችን ቤት ያለውን ያልተረዳ መርዶ ሳንነካ የሰውን መዝገብ አብረን ለመክፈት እንዴት እንደምንችል እርስ በርሳችን ተጠያይቀናል።

ስለዚህ ለመጠየቅ ለምታስቡ፣ በየቤታችን ሞክረን ያየነውን እንንገራችሁ። «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ስለ ሞቱ አይደለም መጀመሪያ የሚጠየቀው። ስለ ሰውየው ጠይቁ። መልኩ ማንን ይመስል ነበር? ምን ይወድ ነበር? ከብት ይጠብቅ ነበር? ስልክ አውጥታችሁ መቅዳት አትጀምሩ፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ እንቢ ካሉም ተዉት። ዓርብ ከሰንበት በፊት በጥድፊያ ሰዓት አይሆንም፤ ቡና ተፈልቶ ሰው ሲረጋጋ ይሻላል። ብቻችሁንም አትሁኑ፤ አክስት ወይም አጎት አብረው ቢኖሩ አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይቀጥላል። የሚመሩን ቄስ ወይም ሽማግሌ ካሉ አስቀድሞ ማማከር ነውር የለውም። ወላጃችሁ ቢቆጡ አትደንግጡ፤ የተጎዳም ሰው ይቆጣል። ዛሬ ያልተነገረው ከወር በኋላ ድስት ሲታጠብ ሊነገር ይችላል። ከተነገረ በኋላ ደግሞ ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ወደ ክፍላችሁ አትሂዱ። አብራችሁ ቆዩ።

ጓደኛችን እንዲህ አድርጋ ስትጠይቅ እናቷ ስለ ወንድማቸው መጀመሪያ የነገሯት ዋሽንት መንፋት ይወድ እንደነበርና መንገድ ላይ በጨለማ እንዳይነፋ ቁጣ እንደደረሰበት ነው። ስለ ሞቱ ለመናገር ሦስት ሳምንት ወሰደባቸው። ያን ቀን አክስቷ መጥታ ነበር፤ ጎረቤትም ገባች። እናቷ አለቀሱ፤ ሴቶቹም አብረው አለቀሱ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ጓደኛችን ዘመዶቿ ሲመጡ ወንበር ስታቀርብ፣ ሻይ ስታፈላ አመሸች። በማግስቱ ጄኖግራሟ ላይ ከአምስቱ አጠገብ አንድ አራት ማዕዘን ጨምራ ስሙን ጻፈችበት።